የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንና የድጉሱ ምስክርነት

አባቶቻችን መጽሐፍን ሲያከብሩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ልብሱንም ያከብሩ ነበር። ብራናው ተፍቆና ተጽፎ ካለቀ በኋላ ጥራዞቹ ይሰፋሉ፤ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት በተጠረቡ ሁለት ገበታዎች መካከል ይታሰራሉ፤ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ደጓሹም በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። በመጨረሻም መጽሐፉ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ድካም ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የአንድ የታተመ መጽሐፍ ታሪክ ሐሳቡን ያስለውጠዋል ብለን እናምናለን።

በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 (እ.ኤ.አ.) በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ደብረ ሊባኖስ በ1531 በአሕመድ ግራኝ ጦር ተቃጠለ። የአገራችን መጻሕፍት በእሳት በሚጠፉበት በዚያ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ወደ ሮም ተሻግረው በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ በኢትዮጵያውያን ማረፊያ ተቀመጡ። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የግብረ ሐዋርያት ቅጂያቸው ጎደሎ ስለ ነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ፊደል ለቃሚዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁም ስሕተት መግባቱን በመጽሐፉ ውስጥ ገልጠው አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ሳይጠረዝ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ከማተሚያው አንድ ሆኖ የወጣው ሁሉ በጠራዡ እጅ ልዩ ልዩ መልክ ያዘ። ባለጸጋው በቆዳው ላይ የቤተ ሰቡን ዓርማ በወርቅ ያሳትማል፤ ሊቁ በተራ ብራና ያስሸፍናል፤ በኢትዮጵያዊ ደጓሽ እጅ የገባ ቅጂም የእንጨት ገበታ ሊለብስ ይችላል። ስለዚህ ማተሚያው መጻሕፍትን ወንድማማች ሲያደርጋቸው፣ ድጉሱ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም ሰጠው ማለት ነው።

የዚህ መጽሐፍ ቅጂዎች ዛሬ በቫቲካንና በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ በሌሎችም ስፍራዎች ይገኛሉ። ቅጂዎቹን ተከታትሎ መመዝገብ የሚፈልግ ተመራማሪ ፊደሉን ብቻ አንብቦ አይተውም። በ1549 የታተሙት የጳውሎስ መልእክታት አሉን? ቅጠል ጎድሏልን? የስፌቱ ቀዳዳዎች ይገጥማሉን? ቀዳዳው ካልገጠመ ያ ቅጠል ከሌላ ቅጂ የመጣ ሊሆን ይችላል። የፊትና የኋላ ቅጠሎች ተቀድደው የባለቤቱ ስም ቢጠፋ እንኳ ሽፋኑ ይናገራል። አሮጌውን ሽፋን ጥሎ አዲስ የሚያለብስ ሰው ግን ቅጂውን አድኖ ታሪኩን ይገድላል።

ብርቅ መጽሐፍ ማለት ጥንታዊ ብቻ አለመሆኑንም ልናስገነዝብ እንወዳለን። በጋምቤላ ክልል በማታር በሚነገረው በኑዌር ቋንቋ ኅትመት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የሬይ ሃፍማን የኑዌርና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በበርሊን የታተመው በ1929 ነበር። ገበታ ያልለበሰ፣ በስስ ወረቀት የተሸፈነ መጽሐፍ በጋምቤላ ሙቀት፣ ምስጥና የክረምት ጎርፍ መካከል ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ መምህራንና ሹማምንት ሆይ፣ በየሣጥናችሁ ያለውን አሮጌ ኅትመት መዝግቡ፤ ሽፋኑንም አትቅደዱ። ሮም ላይ የታተመው የአባ ተስፋ ጽዮን ድካም እስከ እኛ የደረሰው ጠራዥ ስላሰረውና ጠባቂ ስላላቃለለው ነውና።