ወዲያው የሚደርሰው ፎቶግራፍ በቤተ ሰብ ኑሮ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ

የቤተ ሰብን ኑሮ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚቸግረው ማስረጃ ማጣት ነው። ሠርግ፣ ልደትና ሞት በመዝገብ ይጻፋሉ፤ ማክሰኞ ማታ ራት ሲበላ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ግን የሚመዘግብ የለም። በዚህ አጭር ጥናት የምንመለከተው ይህን ጉድለት በከፊል ስለ ሞላው መሣሪያ ነው፤ ይኸውም በልማድ «ፖላሮይድ» እየተባለ የሚጠራው፣ ያነሣውን ፎቶግራፍ እዚያው በቆሙበት የሚያስረክብ ካሜራ ነው። ነገራችን በይበልጥ ስለ አሜሪካ ቤተ ሰቦች ይሆናል፤ መሣሪያው የተፈለሰፈው በዚያ አገር ስለሆነ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1839 ዳጌሮታይፕ የተባለው የፎቶግራፍ ሥራ በፓሪስ ለሕዝብ ሲገለጽ፣ የሚነሣው ሰው ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሥዕሎች ቤተ ሰቡ ሁሉ ክቱን ለብሶ፣ ፊቱን አጽንቶ ይታያል። በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም ሞልቶ በ25 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ሮቸስተር ከተማ ተልኮ ይታጠብ ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ። እንግዲህ ቤተ ሰብ ራሱን በራሱ ማንሣት የጀመረው በፖላሮይድ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል። ሆኖም ሁለት ነገሮች እንዳሉ ቀርተው ነበር፤ አንደኛው መጠበቅ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በአንሺውና በተነሺው መካከል የሚገባው የፊልም አጣቢው ዓይን ነው።

እነዚህን ሁለቱን ያስቀረው ኤድዊን ላንድ ነው። ላንድ በ1909 በኮኔቲከት ተወለደ፤ በሐርቫርድ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ በብርሃን ምርምር የተጠመደ ሰው ነበር፤ የፖላሮይድን ኩባንያም በ1937 አቋቋመ። በ1943 በሳንታ ፌ ከተማ ለዕረፍት ሳለ የሦስት ዓመት ልጁን ፎቶግራፍ ያነሣታል፤ እርስዋም ሥዕሉን አሁኑኑ ለማየት የማትችለው ለምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ላንድ በኋላ እንደ ተናገረው፣ በከተማይቱ እየተዘዋወረ ነገሩን ሲያሰላስል በአንድ ሰዓት ውስጥ የአሠራሩን ዋና ሐሳብ አገኘ። ፈልሳፊዎች የራሳቸውን ታሪክ ሲተርኩ ማሳመር ልማዳቸው ስለሆነ፣ ስለ አንዱ ሰዓት እኛ ብዙም አንከራከርም። የጥያቄውን ምንጭ ግን ማስታወስ ይገባል፤ ጥያቄው የሕፃን ልጅ ነበረ፤ የተነሣውም በቤተ ሰብ መካከል ነው።

ላንድ ሥራውን ለሊቃውንት ያሳየው በ1947 በየካቲት ወር በኒው ዮርክ ነው። «ሞዴል 95» የተባለው ካሜራ በቦስቶን ከተማ በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም መሸጥ የጀመረው በ1948 በኅዳር ወር ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ብርሃን የተቀበለው ኔጋቲቭና ሥዕሉ የሚያርፍበት ወረቀት ተደርበው በሁለት ብረቶች መካከል ሲሳቡ፣ በመካከላቸው ያለች ትንሽ ከረጢት ትፈነዳና ወፍራም መድኃኒት በገጹ ላይ ይዳረሳል። ብርሃን ያልነካው የብር ውሁድ እየሟሟ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና በዚያ ብር ሆኖ ሥዕሉን ይሠራል። አንድ ደቂቃ ተጠብቆ የካሜራው ጀርባ ይከፈታል፤ ወረቀቱም ይላጣል። የመጀመሪያው ሥዕል ቡናማ ነበር፤ ጥቁርና ነጩ ፊልም በ1950 ሲመጣ ቶሎ የመደብዘዝ ጠባይ ስለ ታየበት፣ ባለቤቱ ራሱ እያንዳንዱን ሥዕል መድኃኒት በተነከረ መጥረጊያ እንዲቀባው ተደረገ። ችኩሉ ሰው ሳይቀባው የተወው ሥዕል ዛሬ ፈዞ ይገኛል። እንግዲህ ከአንድ ቤት አልበም አንዱ ገጽ ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ብናይ፣ ስለ ፊልሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱ ሰዎች ትዕግሥትም የሚነግረን ነገር አለ።

የቀለም ፊልም በ1963፣ «ስዊንገር» የተባለውና 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሚያወጣው ርካሽ ካሜራ ደግሞ በ1965 ወጡ። ለቤተ ሰብ ኑሮ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1972 በወጣው «ኤስ ኤክስ 70» ነው ብለን እናምናለን። ይህ ካሜራ ታጥፎ በኮት ኪስ ይገባል፤ ቁልፉ ሲጫን ሥዕሉን ራሱ ገፍቶ ያወጣል፤ መላጥም መቀባትም የለበትም። ሥዕሉ በተመልካቾች ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይገለጣል። ስለዚህ የተነሡት ሰዎች ሥዕሉን ከብበው ይቆማሉ፤ ይስቃሉ፤ አንዱ ዓይኔ ተጨፍኗል ብሎ ሌላ ይጠይቃል። ማንሣቱ ራሱ የጨዋታው አንድ ክፍል ሆነ እንጂ ጨዋታውን የሚያቋርጥ ሥርዓት መሆኑ ቀረ።

የዚህ ሥዕል ነጭ ጠርዝ ከታች በኩል ሰፋ ያለ ነው። ጠርዙ የሰፋው ለጌጥ ሳይሆን የመድኃኒቷ ከረጢት የምትቀመጠው በዚያ ስለሆነ ነው። ነገር ግን እናቶች በዚያ ባዶ ስፍራ በእስክሪብቶ የልጁን ስም፣ ቀኑንና አንዳንዴም ቀልድ ጻፉበት፤ ለኬሚስትሪ ጉዳይ የተተወው ክፍት ቦታ ለታሪክ ተማሪ የተጻፈ ማስረጃ ሆነለት።

በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየውም ነገር ተለወጠ። ሥዕሉን የሚያጥብ እንግዳ ሰው ስለሌለ፣ ፀጉሯን የጠቀለለች ሚስት፣ በገንዳ የሚታጠብ ሕፃን፣ በሶፋ ላይ ያንቀላፋ አባት ያለ ኀፍረት ተነሡ። ነገር ግን በአንድ ማኅደር ይገኙ የነበሩት ሥዕሎች 10 ብቻ ስለነበሩና ዋጋቸውም ይከብድ ስለነበረ፣ ተራ የሚባለው ጊዜም ቢሆን ተመርጦ የተነሣ ነው። በቤቱ ውስጥ የተነሣው ጠብ ወይም የዕቃ አጠባው ክምር በብዛት አይገኝም። ይህን የዘነጋ ጸሐፊ የአሜሪካ ቤተ ሰብ ዘወትር ኬክ ሲቆርስ የኖረ ይመስለዋል።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አንድ ሰው ነበረ። ጄሚ ሊቪንግስተን በ1979 በመጋቢት መጨረሻ የባርድ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በቀን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ማንሣት ጀመረ፤ እስከ ሞተበት እስከ ጥቅምት 1997 ድረስም ልማዱን አልተወም። ከስድስት ሺህ በላይ ከሆኑት ሥዕሎቹ መካከል የምግብ ገበታ፣ ወዳጆች፣ ባዶ መንገድ፣ በመጨረሻም የሕመሙ ዘመን ይገኛሉ። የዓለም ታሪክ የሚያነሣው አንዳችም ነገር ያልተደረገባቸው ቀኖች በብዛት አሉበት፤ ለእኛ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ይኸው መሣሪያ ቤተ ሰብን ለመለያየትም እንዳገለገለ ሳንጠቅስ ብናልፍ ጥናታችን ጎደሎ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ የዘር መለያየት መንግሥት ጥቁሮች እንዲይዙት ያስገድድ ለነበረው የይለፍ ደብተር የሚሆነው ፎቶግራፍ በፖላሮይድ ይነሣ ነበር። በዚያ ሕግ ምክንያት በከተማ የሚሠራ ባል ሚስቱንና ልጆቹን አምጥቶ አብሯቸው ለመኖር ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም ነበር። በ1970 የኩባንያው ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊልያምስ ይህን ደርሰውበት ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር ንግዱን አቆመ። በአንዱ አገር በሳሎን ውስጥ የሚያስቀው የአንድ ደቂቃ ሥዕል፣ በሌላው አገር በቢሮ መስኮት ፊት የሚያስጨንቅ ነበር።

ኩባንያው በ2001 ከሠረ፤ በ2008 ፊልም መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ጥቂት ሰዎች በኔዘርላንድ በኤንስሄዴ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ይዘው በ2010 አዲስ ፊልም አወጡ፤ ሥራውም ዛሬ በዚያው በፖላሮይድ ስም ይቀጥላል። የጃፓኑ ፉጂ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ «ኢንስታክስ» የተባለውን ይሸጣል።

ለታሪክ ሠራተኛ ዋናው ችግር ግን ፊልሙ መቅረቱ አይደለም። ከእነዚህ ሥዕሎች አብዛኞቹ ኔጋቲቭ የላቸውም። እንደ ጥንቱ ዳጌሮታይፕ እያንዳንዱ አንድና ብቸኛ ነው፤ ከጠፋ ወይም በፀሐይ ከደበዘዘ ሌላ አይታተምም። እናት ስትሞት ልጆች ቤቱን ይሸጡና ገንዘቡን ይካፈሉታል፤ ይህን ሥዕል ግን መካፈል አይቻልም። ሥዕሉን ከጨለማና ከቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር፣ ጠርዙን አለመቁረጥ፣ ሳይውል ሳያድር ቅጂ ማንሣት ያስፈልጋል። ቅጂ ሲነሣም ጀርባው አይዘንጋ፤ በኤስ ኤክስ 70 ሥዕል ጀርባ ላይ ፊልሙ የተሠራበትን ጊዜ ለማወቅ የሚረዳ ቁጥር ታትሟልና። ቁጥሩ የሚነግረን ፊልሙ መቼ እንደ ተሠራ እንጂ ሥዕሉ መቼ እንደ ተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከዚያ በፊት ሊነሣ እንደማይችል ያረጋግጣል።

የዚህን ጥቅም ያየነው በቅርብ ነው። ከእኛ መካከል የአንዳችን አጎት በዋሽንግተን ይኖር በነበረበት ጊዜ ለእናቱ ወደ አዲስ አበባ የላከው አንድ ሥዕል አለ። ሕፃን ልጅ በሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል፤ ከታች በነጩ ጠርዝ ላይ «ልጃችን፣ እሑድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስምም ዓመትም የለውም። የአጎታችን ሁለት ወንዶች ልጆች ዛሬ ሽማግሌዎች ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ሁለቱም ሕፃኑ እኔ ነኝ ይላሉ። በጀርባው ያለው ቁጥር ሲመረመር ፊልሙ የተሠራው በ1979 ሆኖ ተገኘ፤ ታላቅየው የተወለደው በ1975 ነው። ታላቅየው ይህን ሲሰማ ጥቂት ዝም አለና፣ እንግዲያው የእኔ የሕፃንነት ፎቶግራፍ የለም ማለት ነው አለ። አያታችን ግን ቁጥር የሚባለውን ነገር አልተቀበሉም፤ ሲጠየቁ ሁለቱም ናቸው ይላሉ። ለሁለቱም ቅጂ ተነሥቶ ተላከላቸው፤ ዋናው እስከ አሁን በአያታችን ሣጥን ውስጥ ከነፖስታው ተቀምጧል።