የሐረር ውሃ ያነጣው ፎቶ



ዛሬ ስለ ምስል ታሪክ እንጨዋወት። ነገሩ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት እዚህ ወረታ ሁለት ደረሶች የአንድ አሮጌ ኪታብ ገጽ በስልክ አንሥተው «አጸዳነው» ብለው ለሸኻችን አሳዩ። ገጹ ውሃ የነካው፣ ግማሹ ቡናማ የሆነ ነበር። ስልኩ ላይ ግን ወረቀቱ ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁላችንም ማሻአላህ አልን። ሸኻችን መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ቀዩ የት ሄደ?» አሉ።

እውነትም በዚያ ኪታብ መትኑ በቀይ፣ ሸርሑ በጥቁር ነው የተጻፈው። በጸዳው ምስል ላይ መትኑ በሙሉ የለም። የቀረው ማብራሪያው ብቻ ነው፤ የሚብራራው ቃል ጠፍቷል።

ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። የምስል ታሪክ መጀመሪያም እንዲህ ያለ ሙከራ ነው። በ965 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በበስራ የተወለደው አቡ ዐሊ ኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው ስለ ብርሃን ሲጽፍ፣ ሰው ያለውን ብቻ ተቀብሎ አላለፈም። ከአንድ ቀዳዳ ፊት ብዙ መብራቶችን በተለያየ ቦታ አስቀመጠ፤ ከቀዳዳው ጀርባ ያለው ጨለማ ነው። በጨለማው ግድግዳ ላይ የመብራቶቹን ቁጥር ያህል ብርሃን አረፈ። አንዱን መብራት ሲሸፍን የእርሱ ብርሃን ብቻ ጠፋ፤ ሲገልጠው ተመለሰ። በዚህም ብርሃናት በአንድ ቀዳዳ አብረው ቢያልፉም እንደማይደባለቁ አሳየ። እንዲህ ሞክሮ ማረጋገጥን «ኢዕቲባር» ይለው ነበር። ዛሬ ካሜራ የምንለው መሣሪያ በመሠረቱ ያ ጨለማ ክፍል ነው።

ጨለማ ክፍሉ ምስሉን ያሳያል እንጂ አያስቀምጥም። ማስቀመጥ የተቻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመስታወት ወይም በፊልም ላይ የብር ጨው ያለበት ጄላቲን ይቀባል። ብርሃን የነካው ጨው በመድኃኒት ሲነከር ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል። ብርሃን ያልነካውን ደግሞ «ሃይፖ» የሚባለው መድኃኒት ያሟሟዋል። የሃይፖን ይህን ጠባይ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል በ1819 ነው ያወቀው። በመጨረሻ ሁሉም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በአማርኛችን «ፊልም ማሳጠብ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። እጥበቱ ከጎደለ ሃይፖው ውስጥ ይቀርና ምስሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የዚህ እጥበት ታሪክ በአገራችን አንድ የታወቀ ምስክር አለው። ሐረር የሄደ ሰው «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ያውቃል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ከተማዋም በዚያን ጊዜ በግብጽ እጅ ነበረች። ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 ራሱን፣ የሐረርን ሰውና ቦታ አነሣ። በዚያው ዓመት በግንቦት ለቤተሰቡ ፎቶዎቹን ሲልክ፣ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ምስሎቹ እንደነጡበት ጻፈላቸው። ካሜራው አልተበላሸም፣ ብርሃኑም አልጎደለም። ያበላሸው «ማጽጃ» የተባለው ውሃ ነው። ከእነዚያ ፎቶዎች ጥቂቶቹ ፊታቸው ደብዝዞ እስከ ዛሬ አሉ።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ፊልም በአገራችን ትልቅ ሥራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም ቀዳ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዝርዝሩ ላይ አሳለፉ። ብዙ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። ሆኖም ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ጸሐፊው በቀይ ያሳመረው ስምና ርዕስ በፊልሙ ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ። የእኛ ልጆች ያጡት ቀይ ያኔም ተዳክሞ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ኪታቦች የዚያ ሥራ ዋና ዓላማ አልነበሩም። የወሎን የእስልምና ታሪክ የጻፉት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ የሸኾችን ጽሑፍ እንደ ታሪክ ምንጭ እንዲታይ ብዙ ደክመዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያሉት የዐረብኛ ጽሑፎችም እ.ኤ.አ. በ2014 ዝርዝራቸው ታትሟል። ከዚያ ውጭ ያለው ግን አብዛኛው በየመስጂዱና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ስልክ እንመለስ። ዲጂታል ምስል ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 በሦስት ቁጥር ትይዛለች። ቡናማ የውሃ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩን ግን ይመልሳል። ስለዚህ የቀዩን ቁጥር ብቻ ለይተን ስናይ እድፉ ይሳሳል፤ ልጆቹም ብዙ ሞክረው የመረጡት ይህንን ነው። ነገር ግን ቀይ ቀለምም ቀይ ብርሃንን ይመልሳል። እድፉ ሲሄድ መትኑ አብሮት ሄደ። በሰማያዊው ሲታይ ደግሞ መትኑ ጠቁሮ ይወጣል፣ እድፉም አብሮ ይጠቁራል።

ሁለተኛ ችግር አለ። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለመክፈል ኮምፒውተሩ አንድ ድንበር ይመርጣል፤ ከድንበሩ በታች ያለው ቀለም፣ በላይ ያለው ወረቀት ይባላል። ኦትሱ የተባለ ጃፓናዊ በ1979 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። እድፍ ባለበት ገጽ ግን አንድ ድንበር አይበቃም፤ እድፉ ከደበዘዘው ቀለም ይጠቁራልና። ከዚያ በኋላ «ቆሻሻ ማስወገጃው» ትናንሽ ነጥቦችን ይጠርጋል። በዐረብኛ ባ፣ ታ እና ሣ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ጠፋ ማለት ቃል ተለወጠ ማለት ነው። የዛሬዎቹ «አሳማሪ» ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚህ ያልፋሉ፤ ያልነበረውን ፊደል ገምተው ይሞላሉ።

የፎገራ ሰው ይህን በሩዝ ያውቀዋል። ሩዝ ካልተፈተገ አይበላም፤ ከልክ በላይ ከተፈተገ ደግሞ ይሰባበራል።

ለእኛ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ውሃው ሰው ቤት ገብቷል። ውሃ ወረቀትም ፎቶም አይምርም። የሚከተሉትን ያዙልኝ፦

የረጠቡ ፎቶዎች ተጣብቀው እስኪደርቁ አትጠብቁ። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ አለያዩ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጥላ አድርቁ። የድሮውን ፊልም አትጣሉ። ነጭ ብርሃን ባለው ስክሪን ላይ አስቀምጣችሁ በስልክ አንሡት፣ ቀለሙንም ገልብጡት። ኪታብ ስታነሡ በቀለም አንሡ፤ የመጀመሪያውን ምስል አትንኩ፣ ሥራችሁን በቅጂው ላይ ሥሩ። ያጸዳችሁትን ለሰው ስትልኩ ዋናውን አብራችሁ ላኩ።

ደስ የሚለው፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን ምስል አልሰረዙትም ነበር። መትኑን ከሰማያዊው፣ ሸርሑን ከቀዩ አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከሸኻችን ጋር ከዋናው እያመሳከሩ ገጹን አነበቡት። ሦስት ቃል ብቻ አልታይ አለ። አንደኛው ልጅ «ሸኻችን፣ ከአገባቡ ይታወቃል፣ እንሙላው?» ቢላቸው፣ «የድሮ ጸሐፊዎች ያልታያቸውን ባዶ ይተዉት ነበር፤ አንተም ተወው» አሉት።

ባዶ ሆኖ ተቀምጧል።

ወላሁ አዕለም።