ማታ ማታ ለማስተማር

በሰው አገር ለጎረቤት ልጅ ቋንቋ አስተምሮ ጥቂት ገንዘብ መቀበል ፈቃድ ያሻዋልን? ታሪኩን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የጸደቀው የስደተኞች ስምምነት ሥራን በሦስት ከፍሎታል። አንቀጽ 17 ስለ ደመወዝተኛ፣ 18 ለራሱ ስለሚሠራ፣ 19 ዲፕሎማው ስለታወቀለት ባለሙያ ይናገራል። የግል አስተማሪ የሚጠጋው ወደ ኋለኞቹ ሁለቱ ነው። የእነዚህም ዋስትና ለማናቸውም የውጭ አገር ሰው ከሚሰጠው ያላነሰ መብት ብቻ ነው። እርሱ ፈቃድ ከተጠየቀ እኛም እንጠየቃለን።

አገራችን በ1969 ስምምነቱን ስትቀበል፣ ሦስት ዓመት የኖረን ስደተኛ ከሥራ ገደብ ነጻ የሚያደርገውን የአንቀጽ 17 ንኡስ 2ን እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልወሰደችውም። በ2019 ባወጣችው አዋጅ ግን ለስደተኛ የሥራ በር ከፍታለች። ያን ጊዜ በር ላይ ቆመን ከልካዮች እኛው ነበርን፤ ዛሬ አንኳኪዎች ሆነናል።

እዚህ ኬንያ በ2021 የወጣው ሕግ፣ የትምህርት ማስረጃው በአገሩ ባለ ሥልጣን የታወቀለት ስደተኛ በሙያው የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ቁልፉ ወረቀቱ ነው። የእኔ ዲፕሎማ በማሠልጠኛ ኮሌጁ መዝገብ ቤት ቀርቷል። የእናንተ በእጃችሁ ካለ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዝናብም ከምስጥም ጠብቁት።