ከአጽመ ርስት እስከ በራሂ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ የመሐል ሜዳው መንገድ ደግሞ እዚያው ተገንጥሎ መንዝ ይገባል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ጥቂት ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የአገሬው ሰው በዚያው ዳገት ገብሱን ተሸክሞ እያወጋ ይሄዳል። ይህ ችሎታ ከልምድ ብቻ የመጣ ነው ወይስ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር አለበት? ጥያቄው ተመራማሪዎችን ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ማመላለስ ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ለከፍታው መልስ የሚሰጡት ደማቸውን በሄሞግሎቢን በማወፈር ነው። የቲቤት ሰዎች ደማቸው አይወፍርም፤ የሚሸከመው ኦክሲጅን ግን ዝቅተኛ ነው። በሰሜን የተገኙት አማሮች ከሁለቱም አልገጠሙም። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ነው፤ የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በአማራና በኦሮሞ ደገኞች ላይ ዘረመል የሚያነቡ ጥናቶች ተከታትለዋል። ጣርማ በርም በዚያው የደጋ ሰንሰለት ላይ የተቀመጠ አገር ነውና እንዲህ ያለ ጥናት ነገ በሩን ቢያንኳኳ የሚያስገርም አይሆንም። ሲመጣ ደግሞ ከመርፌው ቀድሞ የሚደርሰው ቃል ነው፤ መጀመሪያ የሚነገረውም ቃል «ዘር» ነው።

ግዕዙ ዘርእ ይለዋል። በዕብራይስጥም በዐረብኛም ወንድሞች አሉት። አማርኛ የመጨረሻውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎ ዘር ብሎ አስቀረው። መሬት ላይ የሚበተነውም ገብስ ከአባት የሚወርደውም ትውልድ ከግዕዝ ጊዜ ጀምሮ በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ። በአሥራ አምስተኛው ምዕት ዓመት በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ንጉሥ ስሙ ራሱ ይህንን ይናገራል፦ ዘርአ ያዕቆብ፣ የያዕቆብ ዘር። ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ ከመጨረሻዎቹ ዓመታቱ አብዛኞቹን ያሳለፈው በዚያችው ከተማ ነው። በቅኔ ቤትም ከግሥ የሚወጣውን ስም «ጥሬ ዘር» ይሉታል። ቃልም ሰውም እህልም የሚቆጠሩት በዘር ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ነው። ቃሉ ሌላ ሸክምም አለው። «ዘሩ ነው» የሚለው አነጋገር ጀግናን ለማወደስ የሚነገረውን ያህል በሽተኛን ከሰው ለመለየትም ይነገራል። ዝሆኔ የያዘው ሰው እግር ሲያብጥ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አያቱ ነው፤ የእህቱ ጋብቻም በዚያው ይበላሻል። በሽታው በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በግሪክኛ እግርንና ትቢያን ካገናኙ ሁለት ቃላት የተሠራ ስም ነው። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መነሻው ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ ሳይንሱ አስቸጋሪ ቦታ ገባ። በአንድ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት መካከል ለምን አንዳንዶቹ ብቻ ይታመማሉ? እነ ፋሲል ተኮላ አየለ በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ቀጥሎም ልጅን ከእናትና ከአባት ጋር ይዘው 202 ቤተሰቦችን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤታቸውን አወጡ። ሰውነት ባዕድን ነገር የሚለይበት ኤች ኤል ኤ የሚባለው የዘረመል ክፍል በአንዳንድ ሰዎች ለበሽታው የሚያጋልጥ መልክ አለው። አፈሩ ከሌለ ግን መልኩ ብቻውን አያሳብጥም፤ ጫማና እግር መታጠብም ይከላከሉታል።

ከዚያ ጥናት ጋር የተያያዘ አንድ ሥራ በተለይ አከብራለሁ። ተመራማሪዎቹ ሰው እንዴት ተጠይቆ፣ ምን ተረድቶ፣ እንዴት እሺ እንደሚል ለብቻው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ከተነሱት ስጋቶች ዋናው መገለል ነበር። የዘር ጥናት ነው ሲባል «እውነትም ዘራቸው ነው» ተብሎ እንዳይታተምባቸው ቤተሰቦች ፈሩ። ፍርሃቱ ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ቃሉ በመንደራቸው ምን ሲሠራ እንደኖረ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እኔ በዚህ ቦታ ከዘር ይልቅ ሌላ ቃል እመርጣለሁ፦ ወረሰ።

ግዕዙም አማርኛውም ወረሰ ነው። ወለደ ልደትን እንደሚሰጥ፣ ወረሰ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለውን ወ ጥሎ ርስትን ይሰጣል። ስለዚህ «በውርስ የሚተላለፍ በሽታ» የሚል ሐኪምና «አጽመ ርስቴን» ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ የመንዝ ገበሬ ከአንድ ግሥ ነው የሚቀዱት። አጽም አጥንት ነው፤ አጥንት የሚለው አማርኛም ራሱ የመጣው ከግዕዙ ዐፅም ነው። መሬትን በአጥንት መቁጠር ማለት ቀዳሚውን አቅኚ አባት ይዞ እስከ ራስ ድረስ ትውልድን በቃል መውረድ ነበር። እዚህ ላይ የርስት ቆጠራ ከዘር ቆጠራ ይለያል። በሰው አፍ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ወደ አባት ያዘነብላል። ርስት ግን በእናትም በአባትም ይጠየቅ ነበር፤ አለን ሆበን የጎጃምን የመሬት ሥሪት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ያሳየው ይህንኑ ነው። ሴት አያቱን አንስቶ የተሟገተ ሰው ዘሩን አልለወጠም፤ የሚገባውን ነው የጠየቀው።

የዘረመል ትምህርት የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ከእናቱ እኩሌታውን፣ ከአባቱ እኩሌታውን ይወርሳል። አያቶቹ አራት ናቸው፤ ቅድመ አያቶቹ ስምንት፤ ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርስ 128 ይሆናሉ። ከእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ድርሻ በአማካይ ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች የሚያደርጉት ስሌት፣ አንድ የተደበቀ ጉድለት ከሁለት ወገን መጥቶ በአንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኝ ዕድሉን ማሳነስ ነው። ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያለ ትውልድ መቁጠር ለሚችል ሰው ስለ ውርስ ለማስረዳት ከባዶ መነሳት አያስፈልግም።

ወረሰ ንጹሕ ቃል ነው ልል አልፈልግም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ትርፍ የከተማ ቤቶችም ሲወሰዱ፣ «ተወረሰ» የሚለው ቃል ሌላ ፍቺ ተሸከመ፤ ልጅ ሳይሆን መንግሥት ይወርስ ጀመር። የደም ናሙና ባሕር ማዶ ተልኮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ማን ወረሰው ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢኖር ጥያቄው በዚህ ሁለተኛ ፍቺ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

የሳይንስ መምህራን ለጂን የመረጡት ቃል «በራሂ» ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ክሮሞዞምን ሐብለ በራሂ ይሉታል፤ ሐብል ገመድ ነው፣ በራሂዎች የተደረደሩበት ገመድ። በራሂ የመጣው ብርሃንን ከሰጠው ከግዕዙ በርሀ ነው፤ የሚያበራ እንደ ማለት። ዘርአ ያዕቆብ ለከተማው ያወጣው ስምም ከዚያው ሥር ነው። ቃሉ ያማረ ነው፣ የማንንም ቤተሰብ ስም አያጎድፍም፤ ግን ከክፍል ወጥቶ ገበያ አልገባም። ሬዲዮና ጋዜጣ ያስለመዱት ዘረመልን ነው፤ እሱም ዘርን ከነሸክሙ ይዞት ይዞራል።

ሚውቴሽን የሚባለው የላቲን ቃል መለወጥ ማለት ነው፤ ሆላንዳዊው ሁጎ ደ ፍሪስ በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ ለዘር ለውጥ ሰጠው። እኛ «የዘረመል ለውጥ» እንላለን። ለውጥ ግን የራሱ አስደናቂ ታሪክ አለው። ግዕዙ ወለጠ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ሥጋዌ ሲያስተምሩ ቃል ሥጋ የሆነው «ያለ ውላጤ» ነው የሚሉት ከዚህ ነው። አማርኛ ሲቀበለው ወ እና ለ ቦታ ተቀያየሩ፤ ወለጠ ለወጠ ሆነ። ቃሉ ትውልድ ሲሻገር ሁለት ፊደል ተዛወረበት፣ ትርጉሙ ግን ምንም አልጎደለም። የዘረመል ለውጥም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ጥቂቱ ያሳምማል፣ ጥቂቱ ይጠቅማል፣ አብዛኛው ምንም አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ1996 እነ እሌኒ አክሊሉ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለውን በራሂ ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘው ተገኙ። ይህ ራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ኮዴን የተባለውን ማስታገሻ ሰውነታቸው ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው የተለመደው መጠን ሊጎዳቸው ይችላል፤ በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ኢትዮጵያውያን በስም ተጠቅሰው የነበሩትም ለዚህ ነው። ሰው ባይጠየቅና ባይሳተፍ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር። ጥናቶቹ ያስፈልጉናል።

ለዚህም ነው አንዲት ትንሽ መስተዋድድ የምታሳስበኝ። አማርኛ «ገንዘብ አለው» ይላል፤ «በሽታ አለበት» ይላል። «ለውጡ ያለበት ሰው» ብሎ የተጻፈ የመጠየቂያ ቅጽ ገና ምርመራው ሳይጀመር ፈርዷል፤ «ለውጡ ያለው ሰው» ቢል አይፈርድም። «ልውጥ» የሚለው ቅርጽም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በቤተ ሙከራ የተቀየረን ፍጡር «ልውጥ ሕያው» ይለዋልና ሰሚው ሌላ ሰው የነካካው ነገር ይመስለዋል።

ተመራማሪዎች ምልመላ የሚለውን ቢተዉት ደስ ይለኛል። መለመለ ቅርንጫፍን ከቅጠሉ ማራቆት ነው፤ ከዚያ መርጦ ማውጣት ሆነ፤ ከዚያም ወታደር መሰብሰብ። «ለጥናት ምልመላ መጥተናል» የተባለ መንደር ልጆቹን ቢደብቅ አይፈረድበትም። ጥናት ግን መልካም ቃል ነው፤ ከግዕዙ ጸንዐ ወርዶ ጠና፣ አጠና ሆኗል። ጽናት ወንድሙ ነው። ሕመም ሲበረታም «ጠናበት» እንላለን፤ በሽታውና በሽታውን የሚያጠናው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

የመጨረሻው ቃል ፈቃድ ነው። ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። በግዕዝ ፈቀደ ማለት ፈለገ፣ ወደደ ነው፤ በአባታችን ሆይ ጸሎት ያለው ፈቃድም ይኸው ነው። አማርኛ ሁለተኛ ፍቺ ጨመረበት፦ ባለሥልጣን የሚሰጠው ወረቀት። መንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ አለ። ተመራማሪው «ከወረዳው ፈቃድ ይዘናል» ሲል ሰሚው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የራሱ መውደድ የሚጠየቅበት ቦታ አያገኝም። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌ ተህዋስን እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ነው። በዘመኑ በሽታው የዘር ነው ተብሎ ይታመን ነበርና የሐንሰን ግኝት ስንት ቤተሰብን ከዚያ ክስ ነጻ አወጣ። ይኸው ሰው ግን በሽታው ተላላፊ መሆኑን ለማሳየት ሲል አንዲትን ታማሚ ሳያስፈቅድ ዓይኗን በመርፌ ወጋ፤ ተከስሶም በ1880 በሆስፒታሉ የነበረውን ቦታ አጣ። ትልቅ ግኝት የሴቲቱን ፈቃድ አልተካም።

ስለዚህ ጣርማ በር ላይ ለአንድ አዛውንት የሚነበበው ወረቀት እንዲህ ቢጀምር እመኛለሁ፦ «አባባ፣ ሰው ከእናቱም ከአባቱም የሚወርሰው ነገር አለ። እኛ እርስዎ የወረሱትን ማየት እንፈልጋለን። ወረዳው መግባታችንን አውቋል፤ ደምዎን ግን እርስዎ ካልወደዱ ማንም አይወስድም። ዛሬ እሺ ብለው ነገ ቢተዉም ምክንያት አንጠይቅዎትም፤ ከጤና ጣቢያው የሚያገኙት ሕክምናም አይቀርብዎትም።» ለመተው የሚያስፈልገው ቃልም በአገሬው ዘንድ አለ፤ «ፈቃዴን አንስቻለሁ» ማለት ይበቃል፣ እሱም በቅጹ ግርጌ በትልቁ ይጻፍ።