ባለብዙ ጠባዩ ሞተር በስሌት መዝገብ

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1971 ከድምፅ ለሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ይመድብ የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ። አውሮፕላኑን ቦይንግ፣ ሞተሩን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠሩት ነበር። ናሳ በ1972 ምርምሩን ሲቀጥል አሮጌው ችግር እዚያው ጠበቀው። ለመነሣት ብዙ አየር በዝግታ የሚገፋ ሞተር ይፈለጋል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ከድምፅ በእጥፍ ለመክነፍ ግን ጥቂት አየር በኃይል የሚወረውረው ይሻላል።

ጠባዩን የሚለውጥ ሞተር ከዚያ በፊትም በርሯል። የስለላው ኤስአር-71 ሞተር፣ ጄ58፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከመጭመቂያው አራተኛ ደረጃ አየር ቀድቶ በስድስት ቧንቧዎች ወደ ድኅረ ማቃጠያው ይልክ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ቧንቧዎች ይወዷቸዋል፤ የሚታይና የሚዳሰስ ብረት ናቸውና። ያልተሠሩ ሞተሮችን ማወዳደር ግን ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል።

መሣሪያው የኮምፒውተር ስሌት ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1967፣ በክሊቭላንድ የሚገኘውና ያኔ ሉዊስ ይባል የነበረው የናሳ ማዕከል ደግሞ በ1972 ያወጧቸው ፕሮግራሞች አካሄዳቸው ተቀራራቢ ነው። የመጭመቂያውና የተርባይኑ ጠባይ በሠንጠረዥ ይገባል፤ ባለሙያዎቹ ካርታ ይሉታል። ፕሮግራሙ ከፍጥነትና ከግፊት ግምት ይነሣል። ከዚያ ይፈትሻል፦ መጭመቂያው ያሳለፈው አየር ከነነዳጁ ተርባይኑ ከሚያሳልፈው ጋር ይገጥማል? ተርባይኑ የሚሰጠው ሥራ መጭመቂያው ከሚፈልገው ጋር እኩል ነው? ካልሆነ ስሕተቱን ለክቶ ግምቱን ያርማል፤ ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስም ይመላለሳል። ችግሩ የአየሩ መንገድ አስቀድሞ በፕሮግራሙ ውስጥ መወሰኑ ነበር።

ይህን የለወጠው፣ በእኔ ግምት ከሚገባው በታች የተወሳ ሰነድ፣ በታኅሣሥ 1975 ወጣ። ሎረንስ ፊሽባክና ማይክል ካዲ ያዘጋጁት የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የናሳ የጋራ ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ክፍሎቹን እንደፈለገ ያገናኛል፤ አየሩም በብዙ መንገድ ሊሄድ ይችላል። የአንድ ክፍል ቅጠሎች አቅጣጫ ሲቀየር ወይም የጋዙ መውጫ ሲጠብ የክፍሉ ጠባይ ስለሚለወጥ፣ ካርታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። ከዚያም ነዳጅ በትንሹ የሚፈጀውን የመውጫ ስፋት ፕሮግራሙ ራሱ ይፈልጋል።

ጠባዩን የሚለውጥ ሞተር በተዋጊ አውሮፕላንም ተሞክሯል፦ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ዋይኤፍ120 በ1990 በሁለት የተዋጊ አውሮፕላን ናሙናዎች ላይ በረረ። በሚያዝያ 1991 ግን አየር ኃይሉ የተፎካካሪውን ኩባንያ የፕራት ኤንድ ዊትኒን ኤፍ119 መረጠ፤ አሠራሩ ቀለል ያለና ጠባዩን የማይለውጥ ሞተር ነበር።