ፊደል ለማን ደረሰ? የሴቶች ትምህርትና የክልሎች ልዩነት በታሪክ ዐይን

የራሳችን ፊደል ያለን ሕዝብ መሆናችንን ለመናገር ደክሞን አያውቅም። የብራና መጻሕፍቱ፣ የዜማና የቅኔ ቤቶቹ፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የኩራታችን ምንጮች ናቸው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ኩራት መካከል ሁልጊዜ የሚዘለል አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ፊደሉ ለማን ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወንዶቹ ግን 69 በመቶው ያነብቡ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አማካይ ቁጥር ደግሞ የሚሸፍነው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ማንበብ የማትችል ወጣት ሴት ማግኘት ብርቅ እየሆነ ሲመጣ፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች አብዛኞቹ ሴቶች የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል የሚሰጠው ፈጣን መልስ «ባህሉ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለመንግሥትም ለምሁርም ይመቻል፤ ተጠያቂውን ከቢሮ አውጥቶ ወደ ገጠር ጎጆ ይወስደዋልና። ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

ከጥንቱ እንጀምር። የቤተ ክህነት ትምህርት ለዘመናት የአገሪቱ ዋነኛ የንባብ መንገድ ነበር። የተማሪው ሕይወት ግን ከወላጅ ቤት መውጣትን፣ ከደብር ደብር መዞርን፣ ቁራሽ ለምኖ መኖርን ይጠይቃል። የመንገዱም መጨረሻ ዲቁና፣ ቅስና ወይም ደብተራነት ነበር። ሴት ልጅ በመንገዱ መጨረሻ የሚጠብቃት መዓርግ ስለሌለ፣ በመንገዱ መግቢያም አትታይም ነበር። በእስልምናው በኩልም ቢሆን ከቁርአን ንባብ አልፎ ወደ ከፍተኛው ዕውቀት የሚወስደው ጉዞ በአብዛኛው የወንዶች ነበር። እርግጥ ነው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖሩት፣ ገድላቸው በ1672 የተጻፈላቸው ወለተ ጴጥሮስ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ነበሩ። ነገር ግን የእነዚህ ሴቶች ስም በጣት ተቆጥሮ ማለቁ ራሱ ምስክር ነው። ወይ ከመኳንንት መወለድ፣ ወይ መመንኮስ፣ ወይ የተለየ ዕድል ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ በሞላባቸው በጎንደርና በጎጃም አድባራት ጥላ ሥር፣ ተራዋ ልጅ ከመጽሐፉ ርቃ ኖረች።

ከዚህ ጎን የአስቴር ጋኖን ታሪክ እናስቀምጥ። በ19ኛው መቶ ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በባርነት ተሸጠች። በ1886 ባሪያ ጭኖ ባሕር ሲሻገር የነበረውን ጀልባ ጣሊያኖች ይዘው ነፃ ካወጧቸው ልጆች አንዷ ሆነች፤ በምፅዋ አቅራቢያ እምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን የልጃገረዶች ትምህርት ቤትም ገባች። በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ታተመ። በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ የቋንቋ ሥራ መሠረት ነበር። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምት ላይ አስተማረች። የንባብና የጽሕፈት ወግ ባልነበረበት አካባቢ የተወለደች፣ ያውም ባሪያ ተብላ የተሸጠች ልጅ፣ በር ሲከፈትላት ደራሲና መምህርት ሆነች። የጎጃሟ እኩያዋ ግን በመጻሕፍት መካከል ሳታነብ አረጀች። ሁለቱን የለያቸው ለልጃገረድ የተከፈተ በር መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ዘመናዊው መንግሥትም በሩን የከፈተው ዘግይቶ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ለወንዶች ሲከፈት፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1931 ነው። የ23 ዓመት ልዩነት፤ አንድ ትውልድ ማለት ነው። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱትና በኋላ ይህን ትምህርት ቤት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የወጣው የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ይበቃል አለ። አንዲት ሴት ፓርላማ ትገባለች፤ እልፍ አእላፍ ልጃገረዶች ደግሞ በሕግ ፈቃድ ከትምህርት ገበታ ተነሥተው ይዳራሉ። ትምህርት ቤቶቹም በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ስለተተከሉ፣ የዛሬው የክልሎች ልዩነት መሠረት የተጣለው ያን ጊዜ ነው።

ደርግ በ1979 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለገጠሯ ሴት ታላቅ እርምጃ እንደነበር መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ አገሪቱም በ1980 ከዩኔስኮ ተሸለመች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለባት ያደገች እናት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስሟን ጻፈች። ነገር ግን ፊደል ለቆጠረችው ሴት ቀጥሎ የምታነበው መጽሐፍ አልደረሳትም፤ ጦርነቱም ገንዘቡንም ወጣቱንም በላው። ብዙዎቹ የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱት።

ባህል ዕጣ ፈንታ ነው የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2005 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት በአማራ ክልል ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በጠናበት በዚህ ክልል የልጃገረዶች ትምህርት የመጨረሻው መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ2000ዎቹ ማብቂያ ላይ ትግራይና አማራ በአንደኛ ደረጃ የሴቶችን ቁጥር ከወንዶች ጋር በማስተካከል ቀዳሚዎች ሆኑ። ሃይማኖቱ አልተለወጠም፤ ወጉም አልተለወጠም። የተለወጠው ትምህርት ቤቱ ወደ መንደሩ መቅረቡ ነው። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረሰ፤ ክልሎችም በየጊዜው ተከተሉት። ከ2004 ጀምሮ በአማራ ገጠር በተሞከረው የብርሃነ ሔዋን ፕሮግራም፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ያቆዩ ቤተሰቦች በግ ይሰጣቸው ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ላይ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ። የአያት የቅድመ አያት ባህል ነው የተባለው ነገር ለደብተር፣ ለእርሳስና ለአንድ በግ ቦታ ለቀቀ።

በአፋርና በሶማሌ ይህ ለምን አልሆነም? ትምህርት ቤቱ ቆሞ፣ ቤተሰቡ ከብቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄደው ልጃገረዷ ናት፤ ስለዚህ ከክፍል የምትቀረውም እሷው ናት። የደገኛው የትምህርት ካላንደርና ባለቆርቆሮ ክፍል ለአርብቶ አደሩ አልተሠራም። ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤትና አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተሞከሩትም ለዚሁ ነው። በደጋውም ቢሆን መሰናክሉ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ነው። ወላጅ የ15 ዓመት ልጁን ከተማ ቤት ተከራይታ ብቻዋን እንድትኖር ለመላክ ይፈራል። የወር አበባዋ ሲመጣ በር የሚዘጋ መጸዳጃና ውኃ የሌለበት ትምህርት ቤትም በየወሩ ቀናት ይሰርቅባታል።

አሁን የሚያሳስበኝ ታሪኩ ወደ ኋላ መሄድ መጀመሩ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የተካሄደው ጦርነትና በ2023 በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ግጭት ያረፉት፣ ቀድመው እኩልነት ላይ በደረሱት በእነዚሁ ሁለት አካባቢዎች ላይ ነው። ትምህርት ቤቶች ወደሙ፤ የጦር ሠፈርና የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። እዚህ ላይ ፖለቲከኞቻችን የማይረዱት አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ለገጠር ልጃገረድ ፊደል የምትማርበት ቦታ ብቻ አይደለም። «ገና ተማሪ ናት» ተብሎ ሽማግሌ የሚመለስበት ምክንያትም ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምክንያቱም ይዘጋል። ወንዱ ሁለት ዓመት ቢያመልጠው ተመልሶ ይገባል፤ የተዳረች ልጅ ግን ልጅ አዝላ አትመለስም።

ስለዚህ ነገ ሰላም ወርዶ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ፣ ስንት ክፍል ተጠገነ የሚለው ሪፖርት አይብቃን። ከመዘጋቱ በፊት በመዝገቡ ላይ ከነበሩት ልጃገረዶች ስንቶቹ ተመለሱ? ያልተመለሱት የት ናቸው? ይህን በየወረዳው ቆጥሮ የሚጠይቅ መንግሥትም፣ ተቃዋሚም፣ ታጣቂም እስካሁን አላየሁም። የፊደል አገር ነን የምንል ከሆነ ግን ጥያቄው የሁላችንም ነው።