የአስተማሪዎች ከፍተኛ ሥልጠና በኢትዮጵያ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ሰው አስተማሪ ለመሆን ምን ያህል መማር አለበት? የሚበቃውን ያህል ከተማረስ በኋላ የት ይገኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፤ ሁለተኛው ግን እምብዛም አልተነሣም። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር ይሞክራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን ያሳደረብኝ አንድ ትዝታ ነው። በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩ ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ተመርጠው ሄዱ። ሲመለሱ ከበፊቱ ይልቅ አብልጠው ያስተምሩናል ብለን በደስታ ሸኘናቸው። ትምህርታቸውን ጨርሰው በተመለሱ ጊዜ ግን የተመደቡት በጽሕፈት ቤት ነበር። እርሳቸውን የሚያስወቅስ ነገር የለም፤ ደመወዙም ክብሩም የነበረው በዚያ ነው። በእርሳቸው ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት አስተማሪዎች ተፈራረቁብን። ስለዚህ ከፍተኛው ትምህርት ለአገር አንድ አዋቂ ሲጨምር ከኛ ክፍል ደግሞ አንድ አስተማሪ ቀነሰ።

በአገራችን ስለ አስተማሪዎች ሥልጠና የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን ከ1944 ይጀምራሉ። ነገሩ ስለ ዘመናዊው ትምህርት ብቻ ከሆነ ልክ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ አስተማሪን የሚያስመሰክር ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ከንባብ ቤት የተነሣ ተማሪ ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይዘልቃል። ይሁን እንጂ ድጓ የተማረ ሰው በሙሉ ማዕርግ የድጓ መምህር የሚባለው ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም እንዲሁ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ይህን በዛሬ አነጋገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ብንለው ከእውነት አንርቅም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያስመሰከረው ሰው ለሹመት የሚታጭበት ጊዜ ቢኖርም፣ የዕውቀቱ ምልክት ወንበር ዘርግቶ ተማሪ መሰብሰቡ ነው። በዚያ ሥርዓት የላቀ ዕውቀት ወደ ተማሪው ያቀርባል እንጂ ከተማሪው አያርቅም። እርግጥ ሥርዓቱ ለጥቂቶች፣ ያውም በአብዛኛው ለወንዶች የተከፈተ ነበር፤ ለአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ የሚበቃ አስተማሪ ማውጣትም ዓላማው አልነበረም። ነገር ግን መመዘኛ የሚሆነን አንድ ሐሳብ ትቶልናል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብጽ የመጡ ነበሩ። ቀስ በቀስ የተገነባውን ሁሉ ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የኢጣልያ ወረራ አፈረሰው፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ አስተማሪ ከየት ይምጣ? በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመጀመሪያው የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ሥራውን ጀመረ። ጊዜው የችኮላ ጊዜ ነበር። ከሠልጣኙ የሚጠየቀው ትምህርት ጥቂት፣ የሚጠብቀው ክፍል ግን ብዙ ነበር። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሠረት የጣሉት በዚህ ዓይነት የወጡት አስተማሪዎች ናቸው።

የሁለተኛ ደረጃው ችግር ሌላ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተቋቋመ፤ በ1961 ደግሞ ልዩ ልዩ ኮሌጆች ተጣምረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ የትምህርት ፋኩልቲ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። ያም ሆኖ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከውጭ አገር፣ ይልቁንም ከህንድ በመጡ አስተማሪዎች የሚረዱ ነበሩ። በ1962 ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ከ270 በላይ ወጣቶችን ሲልክ አብዛኞቹ የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1964 ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ይኸውም ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል የሚያዝ ደንብ ነበር። ከዘማቾቹ የሚበዙት አስተማሪ ሆነው ዋሉ። እነዚህ ሁሉ የዘመኑን ቀዳዳ የደፈኑ ናቸው፤ ሆኖም የፒስ ኮሩም ወጣት የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ጊዜውን ጨርሶ የሚሄድ እንግዳ ነበር።

ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ የሚያስፈልገው አስተማሪ ብቻ አልሆነም። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ለየአውራጃው ተቆጣጣሪ፣ ለየማሠልጠኛው አሠልጣኝ ያስፈልግ ጀመር። በ1972 በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የተቋቋመው ለዚህ ነው። መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ያቋቋመው ይህ ተቋም የአስተማሪዎችን አሠልጣኞች፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪዎችንና የጎልማሶች ትምህርት መሪዎችን ያወጣ ነበር። በኋላም ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሥራው የሚያስመሰግን መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በትምህርት ሙያ ውስጥ ሁለት መንገድ በግልጽ ይታያል፤ አንዱ የሚያስተምር፣ ሁለተኛው የሚያስተምረውን የሚመራ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን በ1978 ሲከፍት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርትን የሚመለከቱት የሁለተኛ ዲግሪ መስኮች በየተራ ተከፈቱ። የመስኮቹን ስም ብቻ ብናይ አቅጣጫቸው ይገለጥልናል፤ ሥርዓተ ትምህርት፣ የትምህርት አስተዳደር፣ የትምህርት ሳይኮሎጂ። እነዚህ ሁሉ አገሪቱ አጥብቃ የምትፈልጋቸው ነበሩ፤ የራሳችንን መጻሕፍትና የራሳችንን ፈተና የምናዘጋጅበት ኃይል የተገኘው ከዚህ ነውና። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ መስኮች ሰውን የሚያዘጋጁት ለቢሮ ወይም ለኮሌጅ ወንበር ነው። እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር መስክ ወደ ክፍሉ ቀረብ ይላል፤ ከእርሱም የወጡ ሰዎች ቢሆኑ ኮሌጆች ሲከፈቱ በቅድሚያ የሚፈለጉ ሆኑ። በአጭሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ ጽሕፈት ቤቱ የደረሰው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ከመድረሱ በፊት ነው።

ይህ የኛ ጥፋት ብቻ ነውን? አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የመንግሥት የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ በማሳቹሴትስ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ በ1839 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን የተገኙት ሦስት ሴት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። በ1887 በኒው ዮርክ ግሬስ ዶጅ የተባለች ሴት ከኒኮላስ መሪ በትለር ጋር ያቋቋመችው ማሠልጠኛ በኋላ ቲቸርስ ኮሌጅ ተብሎ በ1898 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣመረ። ኮሌጁ የትምህርት ጥናትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያወጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን እዚያም ከፍተኛውን ዲግሪ ይዞ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ኃላፊ ወይም ፕሮፌሰር ወደ መሆን የሚወስድ መንገድ ነበር። በዚያው ዘመን በአሜሪካ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት በብዛት ሴቶች፣ የሚያስተዳድሩት በብዛት ወንዶች እንደ ነበሩ ስናስብ፣ መሰላሉ ለማን እንደ ተሠራ እንረዳለን።

ይህን ለማረም ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የሃርቫርድ ነው። በ1936 ጄምስ ኮናንት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳሉ ለሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ልዩ የማስተርስ ዲግሪ ተቋቋመ። የታሪክ አስተማሪ የሚሆነው ሰው ታሪኩን ከታሪክ ሊቃውንት፣ የማስተማሩን ጥበብ ደግሞ ከትምህርት ሊቃውንት እንዲማር ሆነ። የዚህ አሳብ ቁም ነገር ዲግሪው ወደ ክፍል የሚያስገባ እንጂ ከክፍል የሚያስወጣ አለመሆኑ ነው።

ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ አገራችን የመጣው በ2011 ነው። ቀደም ብሎ በ2003 የአስተማሪዎች ሥልጠና በሙሉ ሲለወጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የዲግሪ ትምህርት ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ወርዶ የትምህርት ቤት ልምምድ በዝቶ ነበር። በ2011 ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ። ተማሪው መጀመሪያ በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ወይም በሌላ ትምህርት ዲግሪውን ይጨርስ ነበር፤ ቀጥሎ አንድ ዓመት የማስተማርን ሙያ ተምሮና በትምህርት ቤት ተለማምዶ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይቀበል ነበር።

ለክፍል አስተማሪው ተብሎ የታሰበ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና እንዲህ ተገኘ። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መሳት አይገባም። አንደኛ፣ በሩ ከምረቃ በኋላ የሚከፈት ስለ ነበረ፣ ማስተማርን ከልቡ የመረጠውና ሌላ ሥራ ያጣው በአንድነት ይገቡበት ነበር። ሁለተኛ፣ የሃርቫርዱ ማስተርስ ሲሆን የኛው ዲፕሎማ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ሁለተኛ ዲግሪ ሲያምረው ዓይኑን የሚያነሣው እንደገና ወደ እነዚያው ወደ አስተዳደሩና ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ መስኮች ነበር። መሰላሉ ቆሞ የነበረው በክፍሉ ውስጥ ሳይሆን በበሩ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአስተማሪዎች የሙያ ዕድገት ደረጃ እንዲኖር ማሰቡ መልካም ነበር። መሪ መምህር የሚለው ማዕርግ ሰውየው እያስተማረ ከፍ እንዲል የሚያደርግ ነው። የቀረው ማዕርጉን ከከፍተኛ ትምህርት ጋር ማጋጠም ይመስለኛል። በልምድ የበሰለ የባዮሎጂ ወይም የአማርኛ አስተማሪ ሁለተኛ ዲግሪውን በሚያስተምረው ትምህርትና በማስተማሩ ጥበብ አግኝቶ፣ በዚያው በክፍሉ ከዲሬክተሩ የማያንስ ደመወዝና ክብር ቢቀበል፣ አዲሶቹ አስተማሪዎች በእርሱ እጅ ይለማመዱ ነበር። ቤተ ልሔም ያስመሰከረው የድጓ መምህር ወንበሩን ሲዘረጋ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለምን?

ይህን የምጽፈው ነገሩ ስለሚመለከተኝም ነው። ከክፍሌ ጓደኞች መካከል አስተማሪ ለመሆን የሚያስቡ አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስንጫወት ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስንት ዓመት አስተምረን እንወጣለን የሚለው ነው። አንድ ሙያ ገና ሳይገቡበት መውጫው የሚታሰብ ከሆነ፣ ጉድለቱ በወጣቶቹ ልብ ብቻ ሳይሆን በመሰላሉ አሠራር ላይ መፈለግ አለበት። ሒሳብ ያስተማሩንን ሰው ዛሬ ባገኛቸው አልወቅሳቸውም። የምመኘው ከእርሳቸው በኋላ የሚማረው ሰው ዲግሪውን ይዞ ወደ ዐሥረኛ ክፍል ሲመለስ፣ ሰው ወደ ታች ወረደ እንዳይለው ነው።